የኦርኪድ ቅጠል ሲታመም፦ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?

የኦርኪድ ቅጠል ላይ ጠቆር ያለ ነገር ሲታይ የብዙዎቻችን እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሃ ነው። ተጠምቶ ይሆናል እንላለን። ጎረቤት ገብቶ ያይና «ምች መትቶት ነው» ይላል። ሌላው «ፀሐይ አንሶት ነው» ብሎ በረንዳ ላይ ያወጣዋል። በዚህ መሃል ሦስት አራት ቀን ያልፋል። ለአንዳንዱ በሽታ ደግሞ ሦስት ቀን በጣም ረጅም ጊዜ ነው።

የመጀመሪያዬን ኦርኪድ ያጣሁት እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያመጣሁት ነጭ ኦርኪድ ነበር። ጊዜው ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አላባራ ብሏል። እኔ ደግሞ የሞቃት አገር ተክል ነው፣ እርጥበት ይወዳል ብዬ ማታ ማታ ቅጠሉን በመርጫ አርሰው ነበር። አንድ ጠዋት ከመሃል የወጣውን አዲሱን ቅጠል ነካ ሳደርገው ከሥሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ታችኛው ጫፉ ቡናማ ሆኗል፤ ውሃ ቋጥሯል፤ ይሸታል። በሳምንቱ የቀሩትም አንድ በአንድ ረገፉ። በጣም አዘንኩ። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ የተመኘሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ በእሱ ላይ አተኩራለሁ። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ አበባው ቢራቢሮ የሚመስለው ነው። ሌላ ዓይነት ያላችሁም አብዛኛው ነገር ይሠራላችኋል፤ የሚለየውን ቦታው ላይ እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ ማየት

ከሁሉ በፊት የታመመውን ከሌሎቹ አርቁት። ሌላ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። የበሽታው ምንነት ገና ባይታወቅም ይህን ማድረግ አይጎዳም።

ከዚያ የሞባይላችሁን መብራት አብሩና ቅጠሉን ከላይም ከሥሩም እዩት። የቅጠሉ መጋጠሚያ ውስጥም ግቡ፤ እምብርቱ ጋ ማለቴ ነው፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሃሉ። ሦስት ነገር ነው የምትፈልጉት። ቁስሉ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ይሸታል? እየሰፋ ነው?

እርጥበቱን ለማወቅ ሶፍት አጥፋችሁ ቁስሉን ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት። ሶፍቱ ከረጠበ፣ ወይም ቅጠሉ እንደበሰበሰ ቲማቲም ከላላ፣ እርጥብ ነው። እንደ ወረቀት ከደረቀና ካልላላ ደረቅ ነው። ሶፍቱን ጣሉት፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በዚያው እጅ ሌላ ተክል እንዳትነኩ።

መስፋቱን ለማወቅ ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ዘዴ አለ። ስክሪብቶ ወይም ማርከር ያዙና የቁስሉን ዳር ዙሪያውን ነጥብ ነጥብ አድርጉበት። ፎቶ አንሱት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ቁስሉ ነጥቦቹን አልፎ ከወጣ ነገሩ አጣዳፊ ነው። ሳምንት ሙሉ እዚያው ከቆመ ተረጋጉ፤ ጊዜ አላችሁ። ነገር ግን እርጥብ ሆኖ የሚሸት ከሆነ እስከ ነገ አትጠብቁ። በቀጥታ ወደ መቁረጡ ሂዱ።

እርጥቡ ቁስል

ቶሎ የሚገድለው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንደኛው በባክቴሪያ የሚመጣ ለስላሳ ብስባሴ ነው። ትንሽ ውሃ የቋጠረች ነጥብ ሆኖ ይጀምራል። ከዚያ ቅጠሉ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቡናማና ልፍስፍስ ይሆናል። መጥፎ ሽታ አለው። በሁለት በሦስት ቀን አንድ ሙሉ ቅጠል ሊጨርስ ይችላል። ማታ ትንሽ ነጥብ ያያችሁበት ቅጠል ከነገ ወዲያ ጠዋት ተልፈስፍሶ ከተገኘ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቡናማ ነጠብጣብ የሚባለው ነው። ይህም ከባክቴሪያ ነው፤ ፋሌኖፕሲስን በተለይ ያጠቃል። ውሃ የያዘ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣና ወደ ቡናማ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለወጣል። ሲፈነዳ የሚወጣው ፈሳሽ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ውሃ ስትረጩ ያ ፈሳሽ ወደ ጎረቤቱ ቅጠል ይፈናጠራል። እምብርቱ ከደረሰ ተክሉን ይገድለዋል።

ሦስተኛው ጥቁር ብስባሴ ነው። ከሥር ወይም ከእምብርት ይነሣና ወደ ቅጠሉ ይወጣል፤ አንዳንዴም ከቅጠሉ ወደ ታች ይወርዳል። ቀለሙ ወይን ጠጅ የመሰለ ጥቁር ነው፤ ዳሩ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ከሚያመጡት አንዱ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ፈንገስ መሰል ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ጎጃም ውስጥ ድንች የሚያመርት ሰው የዚህን ዘመድ በደንብ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ደመናና ካፊያ ሲደጋገም የድንቹ ማሳ በጥቂት ቀን ጠቁሮ የሚያድረው በዚሁ ወገን ነው። ባሕርያቸውም አንድ ነው፤ ለመዛመት ውሃ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ቅጠል ላይ የቆመ ውሃ ነው። ፋሌኖፕሲስ በተፈጥሮው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የዛፍ ላይ ተክል ነው። አፈር ውስጥ አይኖርም። ዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ፣ ቅጠሉን ወደ ጎንና ወደ ታች ዘንበል አድርጎ ነው የሚያድገው። ዝናብ ሲዘንብበት ውሃው ተንሸራቶ ይፈሳል፤ ነፋሱም ወዲያው ያደርቀዋል። እኛ ደግሞ ቀጥ አድርገን ፖት ውስጥ እንተክለዋለን። ያኔ እምብርቱ እንደ ስኒ ይሆናል። ውሃ ይይዛል። የእኔም ነጭ ኦርኪድ የሞተው እዚያ ስኒ ውስጥ በየማታው በጨመርኩት ውሃ ነው።

በነገራችን ላይ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶች በአገራችንም አሉ፤ ኤራንጂስ የሚባሉት ነጫጭ አበባ ያላቸው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዘጌ ሄዳችሁ በቡናው ጥላ ሥር ካለፋችሁ ቀና ብላችሁ የዛፎቹን ቅርንጫፍ እዩ። ቅርንጫፍ ላይ የሚኖር ተክል ሥሩ አየር ላይ ነው። ይህን አንዴ ያየ ሰው ኦርኪድን ቀይ አፈር ውስጥ አይተክልም።

ደረቁ ነጠብጣብ

ደረቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው፤ የሚሄደውም በዝግታ ነው።

አንትራክኖስ የሚባለው ከቅጠሉ ጫፍ ይጀምራል። ቡናማ ሆኖ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል። በደንብ ካያችሁት ቀለበት በቀለበት የሆነ መስመር አለው፤ በላዩ ላይም ደቃቅ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ማንጎ ሲበስል ልጣጩ ላይ የሚወጣውን ጥቁር ነጠብጣብ ታውቁት የለ? የሚያመጣው የአንድ ወገን ፈንገስ ነው። ኦርኪድ ላይ የሚበረታው ተክሉ ቀድሞ ሲደክም ነው፤ ፀሐይ ካቃጠለው ወይም ሥሩ ከተጎዳ በኋላ።

ሰርኮስፖራ የሚባለው ደግሞ ከቅጠሉ ሥር በኩል ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይጀምራል። ቆይቶ ላይኛው ገጽ ላይ ይወጣና ይጠቁራል። ለዚህ ነው ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ ያልኩት።

ቫይረስን ለብቻው ልናገር። ቅጠሉ ላይ መስመር መስመር የሆነ ወይም እንደ ካርታ የተዥጎረጎረ ቀለም፣ ወይም ሰርጎድ ያለ ጥቁር ንድፍ ካያችሁና በሚወጣው አዲስ ቅጠል ሁሉ ከተደጋገመ ጠርጥሩ። በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ምርመራ ይፈልጋል። መድኃኒት ግን የለውም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚሄደው በአብዛኛው በመቀስና በምላጭ ነው። የጠረጠራችሁትን ለብቻው አድርጉ፤ ለእሱ በያዛችሁት ምላጭ ሌላውን አትንኩ። ሌሎች ብዙ ኦርኪዶች ካሏችሁ እሱን ማስወገድ ይሻላል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

በሽታ ያልሆነው

መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት እነዚህን አጣሩ። ጤነኛ ቅጠል በከንቱ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም ታች ያለው አንድ ቅጠል ቀስ ብሎ ቢጫ ከሆነ እርጅና ነው። ተዉት፤ ደርቆ ራሱ ይወድቃል።

ፀሐይ ያቃጠለው ቅጠል በመጀመሪያ ነጣ ይላል፤ ከዚያ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይደርቃል። ምልክቱ ለመስኮቱ ፊቱን በሰጠው በኩል ብቻ ነው፤ አይሰፋም። የእኛ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለችም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ደመናው ሲገፈፍ፣ ክረምቱን ሙሉ ጥላ የለመደ ቅጠል በአንድ ከሰዓት ይቃጠላል። ስስ መጋረጃ አድርጉበት።

ቅጠሉ ተጨማዶ ከላላ ሥሩን እዩ። ብዙ ሰው ውሃ አነሰው ብሎ ይጨምርበታል። ብዙ ጊዜ ግን ሥሩ በውሃ ብዛት በስብሶ መጠጣት አቅቶት ነው። ጤነኛ ሥር ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ ብርማ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ሲጨብጡት ይሟሽሻል።

ቅጠሉ ከሥሩ በኩል በደቃቁ ብር የተረጨበት ከመሰለ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው። በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ ይበረታል። ነጭ ጥጥ የመሰለ ወይም እንደ ቡናማ ቅርፊት የተለጠፈ ነገር ካለም ተባይ ነው። ጥጡንና ቅርፊቱን በ70 በመቶ አልኮል በነከራችሁት ጥጥ ጥረጉ። ለቀይ ሸረሪት አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ቅጠሉን በሁለቱም በኩል ጥረጉ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። በሳምንት አንዴ እያደረጋችሁ ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ እንቁላሉ በአንዴ አያልቅም።

አቆራረጡ

የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ምላጭ ወይም ስለት ያለው መቀስ፣ ላይተር፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ሶፍት፣ የተፈጨ ቀረፋ፣ ጓንትና አሮጌ ጋዜጣ ነው። አልኮሉ ፋርማሲ ይገኛል። አልኮሉና ላይተሩ ጎን ለጎን እንዳይሆኑ፤ በአልኮል የታሸ ምላጭ ሳይደርቅ እሳት አይጠጋም።

1. ጋዜጣውን አንጥፉና ተክሉን እዚያ ላይ አድርጋችሁ ቁረጡ። ኩሽና ውስጥ አይሁን።

2. ምላጩን በላይተር እሳት አግሉትና አቀዝቅዙት። እሳት ካስቸገራችሁ በአልኮል በደንብ ጥረጉት፤ ቫይረስ ለጠረጠራችሁበት ተክል ግን እሳት ይሻላል።

3. ከቁስሉ ዳር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ጤነኛው አረንጓዴ ላይ ቁረጡ። የሰው ልብ የሚፈራው እዚህ ነው። ቅጠሉ ያሳዝናል፤ ለመቆጠብ ብሎ ቁስሉ ድንበር ላይ ይቆርጣል። በሽታው ግን በዓይን ከሚታየው አልፎ ሄዷል። ቆርጣችሁ ስታዩ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ቡናማ መስመር ካለ ገና ነው። ምላጩን እንደገና አጽዱና ወደ ውስጥ ጨምራችሁ ቁረጡ። ንጹሕ አረንጓዴ እስክታዩ ድረስ።

4. ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ምላጩን አጽዱ። አንዴም አትዝለሉ።

5. የተቆረጠው ጫፍ ላይ ቀረፋ ነስንሱ። ቀረፋ ያደርቃል፤ ፈንገስንም በመጠኑ ይከላከላል። ቁስሉ ላይ ብቻ ይሁን። ሥር ላይ ከፈሰሰ ጤነኛውን ሥር ያደርቅባችኋል።

6. ቁራጩንና ጋዜጣውን በፌስታል አሥራችሁ ጣሉ። ወደ ጓሮ ማዳበሪያ አይግባ።

7. ለአንድ ሳምንት ቅጠሉ ላይ ጠብታ ውሃ እንዳያርፍ። ነፋሻ ቦታ አስቀምጡት።

ብስባሴው እምብርቱ ላይ ከሆነ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። የላላውን ቅጠል ቀስ ብላችሁ ንቀሉ። በሶፍት ጫፍ ውሃውን ምጠጡ። ከዚያ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥቂት ጠብታ አድርጉበት፤ እሱም ፋርማሲ አለ። ይፈላል፤ አትደንግጡ። ፈልቶ ሲያቆም እንደገና በሶፍት አድርቁት። በየቀኑ ደጋግሞ ማድረግ ጤነኛውንም ክፍል ይጎዳል፤ አንዴ አድርጋችሁ እያደረቃችሁ ጠብቁ።

መድኃኒት

ማንኮዜብ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ሁሉ አለ፤ ለድንችና ለቲማቲም የሚረጨው ነው። መከላከያ እንጂ ፈዋሽ አይደለም። የበሰበሰውን ቅጠል አይመልሰውም፤ ጤነኛውን ግን ከፈንገስ ይጠብቀዋል። ጥቁር ብስባሴ ከሆነ ሜታላክሲል የተቀላቀለበት ይሻላል። መጠኑን ከመለያው ላይ አንብቡ፤ «ትንሽ በዛ ላድርገው» አይሠራም፣ ቅጠል ያቃጥላል። ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ ውጭ ወጥታችሁ እርጩ። በጥብጣችሁበት ዕቃ ለምግብ አይዋል። የተረፈውን ቦይ ውስጥ አትድፉ። የባሕር ዳር ቦይ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወይ ጣና ነው ወይ ዓባይ።

እነዚህ ግን ባክቴሪያን አያድኑም። ለባክቴሪያ በመዳብ የተሠራ መድኃኒት በመጠኑ ይረዳል። ዴንድሮቢየም የሚባለው ኦርኪድ ካላችሁ ግን መዳብ አታስነኩት፤ ይመርዘዋል። አበባ ላይ ያለ ተክል ላይም አትርጩ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ተክል ላይ የሚነሰንስ ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። የሰው መድኃኒት በየቦታው ሲበተን ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ ነገ ለልጆቻችን አይሠራም። ምላጭና ደረቅ አየር ለቅጠሉ ከዚያ የበለጠ ይጠቅሙታል።

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ

ጎጃም አንድ ዓይነት አየር ያለው አገር አይደለም። ባሕር ዳር ላይ የኦርኪድ ጠላት የክረምቱ እርጥበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን አንዴ ካጠጣችሁት ሊበቃው ይችላል። በጋ ላይ ሳምንት አንዴ፣ በሞቃቱ መጋቢትና ሚያዝያ ትንሽ ቀረብ አድርጉት። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ሥሩን እመኑ። ሥሩ ብርማ ሲሆን አጠጡ፤ አረንጓዴ ከሆነ ጠብቁ። ሁልጊዜ ጠዋት አጠጡ፤ ቀኑን ሙሉ ይደርቃል። ውሃው ሥሩ ላይ ይፍሰስና በፖቱ ታች በኩል ይውጣ። እምብርቱ ላይ ጠብታ ከቀረ በሶፍት ጠርጋችሁ አውጡት። ፖቱን የሚይዘው የሸክላ ማስቀመጫ ውስጥ ውሃ እንዳይጠራቀም። በተክሎቹ መሃል አንድ ጋት ክፍተት ተዉ፤ ትንሽ የጠረጴዛ ፋን ካላችሁ በዝናቡ ወቅት ቀን ቀን ከሩቅ አዙሩላቸው።

ደብረ ማርቆስ ሌላ ነው። ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ብርድ ነው። ፋሌኖፕሲስ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ አይመቸውም። አክስቴ እዚያ ናት፤ ኦርኪዷን መስኮት ጥግ ታሳድር ነበር። ጥር ላይ ደውላ «ልጄ፣ ቅጠሉ ጎደጎደብኝ፣ በላው መሰለኝ» አለችኝ። ፎቶውን ሳየው ደረቅ ነው፤ አይሸትም፤ አይሰፋም። መስታወቱን የነካው በኩል ብቻ ነው የጎደጎደው። ብርድ ነበር። «እትዬ፣ ማታ ማታ ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ከቧንቧ የቀዳሽውንም ውሃ ቤት ውስጥ አሳድረሽ አጠጪው» አልኳት። ቀዝቃዛ ውሃም ቅጠል ይጎዳልና ነው። አንድም መድኃኒት አልገዛችም። ከሁለት ወር በኋላ ንጹሕ ቅጠል አወጣላት።

ሌላው፣ ቡና የሚፈላበትን ቦታ አስቡ። የከሰል ጭስ እንቡጡን ያረግፈዋል። እየበሰለ ያለ ሙዝና ማንጎ አጠገቡ ከተቀመጠም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ አበባው ብቻ ሳይከፈት ይወድቃል። ሰውም በሽታ ነው ብሎ መቁረጥ ይጀምራል።

አዲስ ኦርኪድ ስትገዙ ደግሞ ከአራት ሳምንት በፊት ከነባሮቹ ጋር አትቀላቅሉት።

ከቆረጣችሁ በኋላ

ቁስሉ አይጠፋም። ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ ጠባሳው ይኖራል፤ እሱን እያያችሁ አትጨነቁ። የምትጠብቁት አዲሱን ቅጠል ነው። እሱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ድኗል።

እምብርቱ ሙሉ በሙሉ ከሞተ ያ ግንድ ከላይ ቅጠል አያወጣም። ግን ሥሩና ከታች ያሉት ቅጠሎች ጤነኛ ከሆኑ አትጣሉት። ሁለተኛው ኦርኪዴ እምብርቱ በስብሶ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶት ነበር። በስሱ እያጠጣሁ ጥላ ላይ ተውኩት። አምስት ወር ምንም አልነበረም። አንድ ቀን አቧራውን ስጠርግ ከግንዱ ጎን፣ ከታች፣ የምስር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቅጠል ሆነች። ከእናቷ ግንድ ላይ አልነጠልኳትም፤ ከሥር የወጣ ቡቃያ አብሮ ሲኖር ነው የሚበረታው። የአበባ ዘንግ ላይ የወጣ ከሆነ ግን የራሱን ሁለት ሦስት ሥር አውጥቶ፣ ሥሮቹ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆኑ፣ በንጹሕ ምላጭ ቆርጣችሁ ለብቻው በዛፍ ቅርፊት ውስጥ ትተክሉታላችሁ።